ስንዝር ከጋት

ከዋካናይ ቁልቁል፣ ባሕሩን በቀኝ ትቶ፣
ኢዋኦ ይጠርጋል፣ ከሌሊቱ ነቅቶ።
አርባ ክረምት ሙሉ መንገዱን ያውቀዋል፤
የቱ ጋ እንደሚዞር ወገቡ ይነግረዋል።
ግን ነጩ ሲመጣ፣ ሰማይና ምድር ሲጠፋ፣
ወገብም ይስታል፤ ይስታል አካፋ።
ዓምና ጥር ላይ ነበር አንድ ክንድ የሳተው፤
የአውቶቡስ መጠበቂያውን ከነወንበሩ ጠረገው።
ሰው አልነበረበትም።
ይህን አራት ጊዜ እየደጋገመ ነግሮኛል፤
በአራተኛውም ጊዜ ድምፁ ቀጥኗል።

እኔን የላኩኝ ይህችን ጣሪያው ላይ እንድሰካ፤
የክብሪት ቀፎ ታህላለች፣ ካንድ ጎማ ትረክሳለች ዋጋዋ ሲለካ።
አልዋሸሁትም፤ ሳተላይትም ይስታል።
ድምፁን አየር ያጎብጠዋል፣ ገደል ይመልሰዋል፣
ስድስት ክንድ ወዲያ ወዲህ ይጥለዋል።
ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሌላ አንቴና ቆሟል፤
የትም አይሄድም፤ የቆመበትን ያውቃል።
ሰማይ የነገረውን ካለበት አስተያይቶ
ስህተቱን ይልክልናል፣ በጋት በጋት ለክቶ።

«ሟች ሚስቴን ይመስላል» አለ፣ «ከደጃፍ ሳትወጣ
የሳትኩትን ታውቅ ነበር፣ ገና ከበር ስመጣ።»
ሳቀ። የዕቃዋን ድምፅ ግን ቀነሰው።

በየካቲት፣ ሊነጋ ሲል፣ ከባሕር ነፋስ ተነሣ፤
የፊት መብራታችን ከአፍንጫችን አልፎ መሄድ ረሳ።
ያን ጊዜ ዕቃዋ ሲጥ አለች፣ እንደ ተያዘች አይጥ።
«ምን አለች?»
«ከፊት መኪና አለ፤ ሠላሳ ክንድ።»
«የታለ?»
የታለ! መስታወቱ ላይ የፈሰሰ ወተት ብቻ።
«ቀባጣሪ» አላት፤ እግሩ ግን ፍሬን ረግጦ ነበር፤
ያ ሁሉ ብረት ሸርተት፣ ሸርተት ብሎ፣ ቆመ ሲያቃስት እንደ በር።

ወረድን። በአካፋ ማስን፣ ኋላም በእጅ ማስን፤
መጀመሪያ ጣሪያ፣ ከዚያ ቢጫ በር አገኘን።
ወተት አከፋፋይዋ ቺናሚ፣ ከነጫማዋ ወንበር ላይ ተኮራምታ፣
«ጠርሙሶቹ ፈነዱ» አለች፣ በሰላምታ ፈንታ።
ጣሪያዋ ላይ ያችው፣ የክብሪት ቀፎዋ ነበረች።
ውድ ብትሆን ኖሮ እኛ ዘንድ ብቻ በተሰካች፤
ለብቻዋ ብታውቅ ማንን ጠርታ፣ ማንን በሰማች?

ኢዋኦ ጓንቱን አወለቀ።
ከአካፋው ጫፍ እስከ ቢጫው በር ጣቶቹን ዘርግቶ ለካ፤
አንድ ስንዝር። ከዚያ ጋት።
በረዶውን ከቅንድቡ ጠረገና ደግሞ ለካ።
እጁ ተንቀጠቀጠ።
«ብርዱ ነው» አለኝ፤ ጎንበስ ብሎ እንደገና ለካ።