ስምንት ነጥብ ሦስት

ሳስካቱን፣ ጥር ነበር። ወንዙ በረዶ ለብሶ ቆሟል፣
ማዘጋጃው በድልድዩ ሁሉ ጨው በትኗል፤
ከሠላሳ በታች ወርዶ ሲጸና ግን ብርዱ
ጨውም ይሰንፋል፣ አሸዋ ይለብሳል መንገዱ።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ወዲህ፣
ሌላ የጨው ድልድይ ፍለጋ ተጎልቻለሁ እዚህ።
ሁለት መቶ ሠላሳ አሚኖ አሲድ፣
እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰክተው በአንድ ገመድ፤
የስንዴ ፕሮቲን ነው፣ የቅጠል ዘበኛ፣
ዋግ ደጅ ሳይደርስ የሚነቃ፣ የማይተኛ።

ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይኖርም።
ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል፣ በራሱ ላይ ይተኛል፣
ጫፉ መሐሉን ያገኛል።
አርባ አንድ ከአርባ ሁለት ጋር ቢነካካ ምን ይደንቃል?
ሲሰኩም ጎን ለጎን ናቸው፣ ይህን ሕፃንም ያውቃል።
"ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት" ያለው ሰው
ገመድ ሲታጠፍ ማየት ምናልባት አልደረሰው።
እዚህ የሩቁ ዘመድ ነው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ የሚያድር፣
ቤቱን የሚያቆም እንደ ማገር።

ካርታ እሠራለሁ፤ ቁጥር በጎን፣ ቁጥር በቁመት፣
ለተነካካ ጥንድ ሁሉ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ምልክት።
በሰያፉ መስመር ጎረቤት በሙሉ ተሰልፎ፣
ከሰያፉ ርቀው ደግሞ ነጥቦች አልፎ አልፎ፣
ቁራ በረዶ ላይ እንደ ረገጠው፣
ትንሽ ሄዶ እንደ ተወው።

ደንብ ያሻል። ደንቡን የጻፍኩት እኔው ነኝ፦
ስምንት አንግስትሮም።
እስከ ስምንት ያለ ተነካካ፤ ስምንትን ያለፈ የለም።
"ለምን ስምንት?" አለችኝ ሃሊና፣
ጓንቷን በጥርሷ እየሳበች።
"ሁሉም ስምንት ይላል" አልኳት።
ዝም አለች። ያመነችልኝ መሰለኝ።

በየካቲት መቶ ሰማንያ ስምንተኛውን ነቀለችና
አላኒን ተከለች በፈንታው፣ እጅ የሌለውን።
በካርታዬ ላይ ማንንም የማይነካ፣ ባይተዋር፣
"ቢኖርም ባይኖርም" ብዬ የፈረምኩበት ነበር።
በማግስቱ ቱቦውን ወደ ብርሃን አነሳችው፤
ፕሮቲኑ ታች ዘቅጧል፣
እንደ አይብ ተቋጥሮ ነጥቷል።
ምንም አላለችኝም። ቱቦውን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ
ምሳዋን ልትበላ ወጣች።

ሌሊቱን መልሼ ለካሁ።
መቶ ሰማንያ ስምንት አርጊኒን ነው፣ እጀ ረጅም፤
አርባ አንድ አስፓርቴት፣ እጁ አጭር ቢሆንም ባዶ አይደለም።
አንዱ ሲደመር፣ አንዱ ሲቀነስ።
በመካከላቸው፦ ስምንት ነጥብ ሦስት።
በነጥብ ሦስት ከካርታ አስወጥቻቸው ነበር።
የለካሁት ከትከሻ እስከ ትከሻ፤
እጆቹን አልቆጠርኩም።
እጆቹ ግን መሐል ላይ ተገናኝተው፣ ውኃ በማይደርስበት፣
ጨውም በማይሰንፍበት፣
ያን ሁሉ ጥምዝ ተሸክመው ኖረዋል።

ቤቴ ገብቼ ስተኛ ከግድግዳው ማዶ ሰው ያስላል።
ስሙን ከደብዳቤ ሳጥኑ ላይ አንብቤዋለሁ፦ ኬ. ፍሬሰን።
ከትራሴ እስከ ደረቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤
ሦስት ክረምት።
በእኔ ደንብ ከሆነ ተነካክተናል።

ዛሬ ማታ ደንቡን ከፍቼ ስምንትን አጠፋሁ።
ዘጠኝ ብል ካርታው ይጠቁራል፣ ሁሉም የሁሉ ዘመድ ይሆናል፤
ሰባት ብል ግማሹ ቤት ያለ ማገር ይቀራል።
ከትከሻ ልለካ ከጣት? የማን ጣት ምን ያህል ይዘረጋል?
ጠቋሚው ባዶዋን ቦታ ይዞ ይጠቅሳል፣ ይጠቅሳል።
ውጭ የአሸዋው መኪና
ብርቱካናማ መብራቱን እያሽከረከረ ያልፋል።

ማዶ ሳል የለም።
ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሌለ አላውቅም።