ሦስተኛዋ መርፌ

ፈተናው ላይ ጽፌያለሁ፤
ሦስት ገጽ ሙሉ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት፣
ጉበት በምን እንደሚቆስል፣ ቫይረሱ በየት እንደሚገባበት፣
ደም ጠላቱን አንዴ ካወቀ
እስከ ዕድሜ ማታ ሳይረሳው እንዴት እንደዘለቀ።
ኤ አገኘሁ። ቢሺሼ ወርደን
ስፕሪስ ጋበዝኩ፣ ባጃጅ ከፈልኩ።
ደሜን ግን ማንም አልፈተነው፤
እኔም ዝም አልኩ።

ሲስተር ሉባባ ሳጥኗን በበረዶ ሞልታ
ከአዳራሹ በር ቆማ፣ በስም በስም ጠርታ፣
«አንዷ ዛሬ፣ ሁለተኛዋ በወር፣
ሦስተኛዋ ስድስተኛው ወር ሲዞር፤
ካርዱን እንዳትጥሉ ልጆች፣
ደም በወሬ አይመከር።»

አንደኛዋን ተወጋሁ፤ ትከሻዬ አንድ ሌሊት አመመኝ።
ሁለተኛዋን በዝናብ ሮጬ ደረስኩባት፤ ደስ አለኝ።
ለሦስተኛዋም ሄጄ ነበር፣ አልዋሽም፤
«አልቋል፣ ሰኞ ና» አሉኝ።
ሰኞ ዋርድ ነበረኝ።
ከዚያ ሌላ ሰኞ፣ ሌላ ዋርድ፣ ሌላ ፈተና ተከተለ፤
ካርዱም በመጽሐፌ ሆድ፣ በጉበት ምዕራፍ መሃል
ዕልባት ሆኖ ዋለ።

ሐምሌ ነው። ሌሊት ነው።
የድንገተኛው ክፍል ቆርቆሮ በዝናብ ይደበደባል፤
አዌቱ ሞልቶ ታች ከድልድዩ ሥር ያጉረመርማል።
ከሰቃ በኩል አንድ መጋዝ ሳቢ አመጡ፣
ሆዱ የተነፋ፣ ዓይኑ የእርድ ውሃ፤
ሚስቱ ከኋላ፣ ሻሿ ረጥቦ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።
«ሲምቢራ ናት» አለች ለጠይባ፣
«በተኛበት በላዩ ያለፈች።»
አስተርጓሚ አላሻኝም፤
የኔም እናት ደብረ ታቦር ወፍ ነው የምትለው፣
በሌሊት በርራ የሰው ዓይን ቢጫ የምታደርገው።
ከጭንብሌ ሥር ፈገግ አልኩ፤
ሦስት ገጽ የጻፍኩ ሰው አይደለሁ?

ደሙን ልቀዳ ጎንበስ ስል
በሕልሙ እንደሚሮጥ ተወራጨ፤
መርፌዋ ከክንዱ ወጥታ
ጓንቴን አልፋ ጣቴን ወጋች።
አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰች።
ወፏ በእጄ ላይ አለፈች።

ቧንቧው ሥር ጠይባ ክንዴን ያዘች፤
«ሳትጨምቀው፣ ዝም ብለህ እጠበው። ስንት ወስደሃል?»
«ሁለት።»
«ሁለት?»
ይቺ ጠይባ አባ ቢያ፣
ኢሚዩኖሎጂን በሲ፣ በጭንቅ ያለፈች፣
ሦስቱንም በየቀናቸው ተወግታ፣ ደሟንም አስመርምራ
ውጤቷን በቦርሳዋ ይዛ የምትዞር።
ሌላ ምንም አላለችኝም፤ ሰዓቷን ብቻ አየች።
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰውየው ውጤት መጣ። ቫይረሱ አለ።

ሲነጋጋ፣ የሂርማታ ነጋዴ ሸራውን ሲዘረጋ፣
ሦስተኛዋን ተወጋሁ፣ ሁለት ዓመት ዘግይታ።
ደሜ ሆይ፣
ሁለቴ መልኩን አሳይቼሃለሁ፣
ያውም እጁ ታስሮ፣ ጥርሱ ወልቆ።
ውሻ እንኳ ሁለቴ ያየውን ሌባ
በሦስተኛው ይጮህበታል፤
አንተስ? ትነቃለህ ወይስ ትተኛለህ?
አልመለሰልኝም።
ስድስት ወር ጥበቃ አለ፤
በእስክሪፕቶ የማላልፈው ፈተና ይኸው።

ከሰዓት የመጋዝ ሳቢው ሚስት ኮሪደር ላይ አገኘችኝ፣
አራት ልጆች አስከትላ።
በሰባራ ኦሮምኛዬ፣ ጠይባ እየሞላችልኝ፣
«ሁሉም ይመርመሩ፣ አንቺም ጭምር፤
ከዚያ ትከተባላችሁ» አልኳት።
«መርፌ ወፍ ያባርራል?»
«ያባርራል፤ ሦስቴ ከሆነ፣ ካላቋረጡት።»
ትንሹ ልጅ ከቀሚሷ ሥር አጮልቆ አየኝ።
እሷ ግን ጣቴን አየች፣ ፕላስተሩን፤
ዓይኗን ቀስ ብላ ወደ ዓይኔ አነሳች፤
«አንተስ ልጄ፣ ጨርሰሃል?»