ስድስት ከዐሥር

ሴንት ጆንስ ሌሊቱን ጭጋግ ተከናንባለች፣
ኤፊ ፓርሰንስ ብቻ ስክሪን ላይ አፍጥጣለች።
ጥቁር የባሕር ምስል ሳተላይት ላከላት፣
አንዲት ነጭ ነጥብ እንደ ጨው ጠብ ያለችበት።
«የበረዶ ተራራ ነሽ፣ ወይስ የዓሣ ጀልባ?
ወንድሜ ጋርላንድ ነው ከውስጥሽ የገባ?»

አምና የነበረው ማሽን ደፋር ነበር፣
«በረዶ!» ይል ነበር ሳይፈራ ሳያፍር፤
ሲስትም ሲያገኝም አንድ ነበር ድምፁ፣
ጥርጥር አይነበብ ከቃሉ ከገጹ።
የዘንድሮው ግን ቃሉን ሰፍሮ ነው የሚያወጣው፤
«በረዶ፣ ስድስት ከዐሥር» ይላል፤ የቀረው የሰው ነው።

«ቁርጡን ንገረኝ!» ብላ ጠረጴዛ መታች።
ቁርጡ የእሱ አይደለም፤ ቢላዋዋ በእጇ ነች።
የት ላይ ትቁረጠው? ከስድስት? ከሰባት?
ስንት ከዐሥር ይበቃል፣ ለመተኛት ሌሊት?
ስድስቱ በረዶ ነው፣ ዝምተኛ፣ ነፍስ የሌለው፤
አራቱ ውስጥ ግን
ሻይ አለ የሚፈላ፣ ሰው አለ የሚያስለው።

የነዳጁን ዋጋ እያወቀች ነፍስ አድን መርከብ ጠራች።
ጎህ ሲቀድ መልስ መጣ፦
«በረዶ ነው፤ አንዲት ወፍ አናቱ ላይ ቆማለች።»
«ማሽኑ ነግሮሽ ነበር!» አለ አለቃዋ ተቆጥቶ።
«አራቱንም ነግሮኛል፤ አልደበቀኝም ከቶ።»

ደብተሯን ገለጠች። «ስድስት» ያላት ሌሊት
ዛሬ መቶ ሞላ፤ ቆጠረች በጣት፦
ስልሳ አንዱ በረዶ፣ ሠላሳ ዘጠኙ ጀልባ፤
ቃሉ ከባሕሩ ጋር በልኩ ተግባባ።

ጋርላንድ ለካ፣ ሞተሩ ተበላሽቶ፣
ሌሊቱን አድሯል ከቤቱ ተኝቶ።
ይህን ማሽኑ አላወቀም፤
እሷም ደውላ አልጠየቀች።