አርባ ሰዓት

ሥራዬ መቁጠር ነው።
ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣
የተማሪውን ደግነት በሰዓት ለክቶ መመዝገብ፣ ማኅተም መምታት።
ደንቡ አርባ ሰዓት ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ያለው
ትምህርቱን እንደ ውኃ ቢጠጣም፣ የምረቃ ጋውን የለው።

ኮሌጃችን ከኮረብታ ላይ፣ ስምንት መቶ ነፍስ፣ ቀይ ጡብ፤
ከሥሯ የኦሃዮ ከተማ፣ ወረቀት ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ርግብ።
እኛ «ታች» እንላቸዋለን፤ እነሱም «ላይ» ይሉናል።
ድልድዩ አጭር ነው፤ ቃሉ ግን ይረዝማል።

ቅጽ ይመጣል፣ ሲመጣ ይውላል፤
«ሦስት ሰዓት፤ የመቃብር ሥፍራ ቅጠል ጠረግሁ» ይላል።
«ሁለት ሰዓት፤ ያረጀ ውሻ አጠብሁ።»
«አራት ሰዓት ተኩል፤ ሾርባ ጨለፍሁ።»
ከግርጌው «ምን ተማርህ?» የሚል ሣጥን አለ፤ መልሱም «ትሕትና ተማርሁ።»
ትሕትና! በአራት ሰዓት ተኩል!
ሳቄን ውጬ ማኅተሜን አሳርፋለሁ፤
እኔም አምና ይህንኑ ቃል በዚሁ ሣጥን ጽፌአለሁ።

ዴልፊን ኮቫች በጥቅምት የተመደበችው ለአራት ቁጥር አውቶቡስ ነበር፤
ማዘጋጃ ቤቱ ተማሪ ላኩልኝ ብሎ፣ ተሳፋሪ ልትቆጥር።
እንደኔው መሆኗ ነው፤ ቆጣሪ፤
ከኋላ ወንበር ላይ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ።
ሃያ ሁለት ሰዓት ቆጠረች። ውጤቱ፦ በቀን አሥራ አንድ ሰው።
ንጹሕ ሠንጠረዥ። ማኅተሙን እኔ ነኝ ያሳረፍሁት፣ ጠበቅ አድርጌው።

በኅዳር፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ፣ ያ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ በራ፤
«አሥራ አንድ ሰው!» አለ ሰብሳቢው፤ «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ኪሳራ?»
ዴልፊን ተነሣች። ለተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈቀደው፤
አንዱን ደቂቃ ድምፅዋን ስትፈልግ ጨረሰችው።
ከዚያ፦ «አሥራ አንዱንም አውቃቸዋለሁ።
አንዷ ወይዘሮ ኦርፋ ቲብስ ናቸው፤
በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን የሚታጠብላቸው።
አንዱ ሌሊት ዳቦ ቤት ሠርቶ፣ ጠዋት ብረቱን ጨብጦ ቆሞ የሚተኛ ልጅ ነው።
ለዚህ ሠንጠረዡ ዓምድ አልነበረውም።
እኔም ዓምድ ይጨመር አላልሁም። ጥፋቱ…»
ደወሉ ጮኸ። ሰዓቷ አለቀ።
እጅ ወጣ፤ አራት ለሦስት።
አውቶቡሱ ቀረ።

በማግስቱ ምድር ቤቴ ወረደች፣ ጫማዋ ላይ በረዶ።
«ያን ሃያ ሁለት ሰዓት ሰርዝልኝ» አለች። ቁጣ የለም፤ ፊቷ ባዶ።
የመደመሪያ ቅጽ አለን፤ የመቀነሻ የለንም።
ሦስት መሳቢያ ገለበጥሁ፣ ደንቡን ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበብሁ፤ የለም።
ሰው በጎ አድርጎ ይጎዳል ብሎ ያሰበ
አንድም ሰው፣ ይህን ደንብ ሲያረቁ፣ ከዚያ ጠረጴዛ አልቀረበ።
«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አልኋት፣ ሽማግሌ መስዬ።
«ታዲያ መወልወያ ይዘህ ና!» አለች።
ወጣሁ፣ ማኅተሜን ጥዬ።

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል፤ የኮሌጁ ቫን፣ ማሞቂያው የማይሠራ፤
ዴልፊን መሪው ላይ፤ እኔ መንገድ መሪ ነኝ ባይ፣ ሁለቴ ጠፍተን፣ በቀኝ፣ በግራ።
በዚህች ከተማ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤
የአንድ ጎዳና ስም እንኳ በቃሌ የማልይዘው።
ከድሮው ፌርማታ፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ ቆመዋል ወይዘሮ ኦርፋ፤
ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽም፤ ደረቴም ትንሽ ተነፋ።
በር ከፈትሁላቸው። ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ቫኑን፤
«አራት ደቂቃ ዘገያችሁ» አሉ፤
«አራት ቁጥር ዘግይቶ አያውቅም» እየዘጉ በሩን።