የጉልበት ስፌት

ልብስ ሰፊ ነበር አባቴ፣ ሰኞ ገበያ ነው ሱቁ፤
ብል የበላ ካፖርት ሲያመጡ፣ መበላቱን ሳያውቁ፣
ጨርቁን ባውራ ጣቱ ዳብሶ፣ ወደ ብርሃን ዘርግቶ፣
«ክሩ ምን ያረጋል?» ይላል፣ «የሚይዘው ጨርቅ ጠፍቶ።»

ይኼ ቃል ትዝ ያለኝ እዚህ ነው፣ ሙሐረቅ፣ ባሕር ማዶ፣
በዘጠነኛው ቀን ጧት፣ የኡም ጃሲም ስፌት ተቀዶ።

ያረጀ ጉልበቷን አውጥተው በብረት ቀየሩላት።
(የኔ ጉልበት ዘጠና ዲናር ነው፤ መለወጫም የላት።)
ሐኪሙ መክሮ ነበር፣ ወረቀቱን ገልጦ እያየ፤
«ደም ሦስት ወር አይረሳም፣ የበላችውን እያቆየ፤
ስኳሩ ይውረድ፣ ያኔ እንከፍታለን፤ ቢላዋ አይቸኩልም» ብሎ።
ልጇ ነው፣ «ረመዳን ሳይገባ፤ ሱጁድ ናፍቋታል» ያለው፣ ቸኩሎ።

መጀመሪያ ሙቀት ብቻ፣ መዳፌ ሥር፣ እንደ ድንጋይ በቀትር፤
ቀጥሎ ቅላት፣ ቆዳዋ እንደ ፊኛ ሲወጠር፤
ከዚያ ያ ውሃ። ቢጫ። ፋሻውን አልፎ አንሶላ ላይ የደረቀ።
ሽታውን አልናገርም። አፍንጫዬ ነው ያወቀ።

ጃሲም በሩ ላይ ቆመ፣ አፉን በጉትራው ሸፍኖ፤
«ማን ነው ያጠባት?» አለ፣ ዓይኑ እጄ ላይ ሆኖ።
እኔም አየሁት እጄን፣ በረኪና የላጠው መዳፌን፤
ማለት እችል ነበር አንድ ነገር። ያዝኩት አፌን።

ትራሷ ሥር ሐልዋ አለ፤ በመሃረብ፣ ሁለት ቁራሽ፤
«ማታ ማታ ብቻ» ብላኛለች፣ «እንዳትነግሪ፣ ትንሽ ትንሽ።»
ባሏ ከባሕር ሲመለስ ይዞላት ይመጣ ነበር አሉ፤
እሱ ሞቶ ሠላሳ ዓመት፤ ጣቶቿ ዛሬም ሐልዋ ይላሉ።

ሲስተር ሺጂ መጣች። የኬረላ ሴት። ብዙ አታወራም።
የቤቱን መለኪያ አነሳች፣ የምወጋባትን ጧትም ማታም።
አንዷን ቁልፍ ስትጫን፣ ቁጥር በቁጥር ላይ ወረደ፦
ሦስት መቶ አስር። ሁለት መቶ ዘጠና። ሦስት መቶ አርባ። እየሄደ፣
ወደ ኋላ እየሄደ፣ ሌሊት በሌሊት፣ ቀን በቀን።
መሣሪያ ነው፤ ይሉኝታ አያውቅም። ዝም አልን ሁላችን።

ኡም ጃሲም እጇን ወደ ትራሷ ሰደደች፣ እየተንቀጠቀጠች፤
መሃረቡን ለልጇ ፈታችና፣ «የሷ እጅ አይደለም» አለች።

ሰልማኒያ ወሰድናት። ብረቱ ጋ ሊደርስ
አንድ ጣት ሲቀረው ነው ያገኙት።
ስፌቱን ፈቱት፤ መልሰው አልሰፉትም፤ ክፍቱን ተዉት።
ጎዝ ሞሉበት፣ በየቀኑ እየለወጡ ሲያልፉ፤
«ከሥር ነው የሚድን» አለች ሺጂ፣ «ካፉ ቢዘጉት መግል ነው ትርፉ።»

አባቴ ይኼን አላወቀ። ጨርቅ ከላይ ነው የሚሰፋ።
የገዛ እግሩ ላይ መቀስ ወደቀች፤ ጭረት ነበረች፣ ከፋ።
ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሲሰለፍ አይተን ስቀናል። ማን ጠረጠረ?
ከጣቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ እያደር ተቆረጠ፣ አጠረ።

ትናንት ማታ ፋሻዋን ስለውጥ፣ ጉድጓዱ ጎድሏል፤ ቀልቷል፣ ግን ደህና ቅላት።
መርፌውን ስከድን ክንዴን ያዘች፤ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ላላት
የነበረውን ደህና እደሪ፣ አቋረጠችኝ፦ «አንቺስ፣ ሁስኒያ?
ሌሊት ሦስቴ ስትነሺ፣ ውሃ ስትጠጪ፣ እሰማ የለ?»

ሌባ ጣቴን ያዘች፣ ሁለቴ ስታ፣
በሦስተኛው ወጋችኝ፣ የራስጌዋን መብራት አብርታ።
አምስት ብሎ ቆጠረ መለኪያው። አራት። ሦስት። ዓይኔን ጨፈንኩ።
እንደ ዕዳ አነበበችው፣ በዐረብኛ፣ ቀስ ብላ። ድገሚልኝ አላልኩ።

ከዚያ በመሃረቧ ጣቴን ጠቅልላ ያዘችው።
ያው መሃረብ ነው። ታጥቧል።
ሄሉ ግን አሁንም አለ፣ ሳሸተው።