ሚዛኑ ያልመዘነው

ሚዛን ያዥ ነኝ እኔ፣ በረቡዕ ገበያ፣
ከመጋዘኑ በር፣ ካህያ መቆሚያ።
ጆንያ ሲወጣ፣ ጆንያ ሲወርድ፣
ቁጥር ነው ሥራዬ፣ አላውቅም መፍረድ።
ኪሎውን መመዝገብ፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣
ደረቁን ከእርጥቡ፣ በጥርሴ መምረጥ።

አምና በዚህ ወራት፣ በኅዳር መጨረሻ፣
እንዳላማው መጣ፣ ከላይኛው እርሻ።
ሁለቱን ገብስ ጭኖ፣ ሦስተኛዋን ሲነዳ፣
ባዶዋን ትሄዳለች፣ እንደ ሠርግ እንግዳ።
«የሷ ጭነት የታል?» ብዬ ብጠይቀው፣
ጆንያውን በእግሩ፣ መታ፣ ነቀነቀው።

«ወረደ» አለኝ እሱ፤ «አልጠፋም፣ ወረደ፤
ያንዷን አህያ ጭነት፣ ጎርፍ ጭኖት ሄደ፤
ካፈሬ ጋር አብሮ፣
ከኔ ቀድሞ ወጥቶ፣ ገበያ ነጎደ።
ማን እንደገዛው ግን፣ ደረሰኝ የለውም፤
በስንት እንደሄደ፣ አንተም አታውቀውም።»

ደላላው ጥጋቤ፣ ከይሱዙው ሥር ቆሞ፣
ስልኩን ባንገቱና፣ በትከሻው አጋድሞ፣
«ባለበት እወስዳለሁ፤ ሚዛን ምን ያደርጋል?
ዓይኔ ኪሎ ያውቃል፤ ዓይኔ መች ያረጃል?»

ድሮ እንዲያ ነበረ፤ በደላላ ዓይን፣
መቶ ኪሎ ገብስ፣ ሰማንያ ሲሆን።
ስለዚህ ነው እኛ፣ ሚዛን የገዛነው፣
ከፊሉ በግ ሸጦ፣ ከፊሉ በዱቤ ነው።
ከፋብሪካው ጋራ፣ ውል ፈርመናል ዛሬ፤
ንጹሕ ይሁን ይላል፣ ድፍን ይሁን ፍሬ።
ዋጋው አይከፋም፣ እውነት ለመናገር፤
ጠጠር ነው መንገዱ፣ እስከ ማርቆስ በር።

ግን የእንዳላማው ቃል፣ ሌሊት ቀሰቀሰኝ፤
«ደረሰኝ የለውም» እያለ ከሰሰኝ።
ለካ የኔ ሚዛን፣ እዚህ ላይ ነው ዕውር፤
ፍሬ እንጂ አይመዝን፣ የቆመበትን ምድር።

በሌላው ረቡዕ፣ ገና ሳይደምቅ ገበያ፣
እማዋይሽ መጣች፣ ቋጥራ አንድ ጆንያ።
ከእንዳላማው ማሳ፣ በታች ያለችው ናት፤
እርከን ስትክብ ከርማ፣ ሰው የሣቀባት ናት፣
«ድንጋይ ዘርተሽ እጨጂ» ብሎ ያፌዘባት።
ሁለት ክንድ መሬቷን፣ ለእርከኑ ገብራ፣
በደሾ ሣር ጥልፍ፣ ዳሩን አሳምራ።

ጆንያዋን ጣለች፣ ከሚዛኑ ራስ፤
ከብዷል፤ ክብደቱ ግን፣ አይደለም የገብስ።
ፈታሁት፤ አፈር ነው፤ ልም፣ የለሰለሰ፣
የሐምሌን ሽታ፣ ገና ያልጨረሰ።
ተሰልፎ የቆመው፣ ሣቀ ሁሉም ሰው፤
ጥጋቤ ከሩቁ፣ «ስንት ነው ኪሎው?»

እሷ አልሣቀችም።
«የእንዳላማው ንብረት፣ እርከኔ ላይ ያዝኩት፤
የሰው ገንዘብ ነውና፣ ባደራ ጠበቅኩት።
መዝነህ ስጥልኝ፤ ደረሰኝም ቁረጥ፤
በሱ ስም ይሁን ግን፣ ሳታበላልጥ።
ይኸ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው እዚያው አለ፤
ገብሴ የበላው ግን፣ ይቅር ይባል፣ ካለ።»

መዘንኩት። ስድሳ አንድ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤
መርፌው ወዲያ ወዲህ፣ ሲል ቆይቶ ተቀመጠ።
እንዳላማው መጥቶ፣ እጁን አስገባበት፣
እስከ ክርኑ ድረስ፤
ዝም አለ፤ ቆየበት።

ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ስብሰባና ወሬ፣
ሦስት እሑድ ሙሉ፣ ያልበረደ ፍሬ፦
ከኩንታል አምስት ብር፣ ይቆረጥ ተባለ፣
ለኖራ፣ ለእርከን፤ «አልሰጥም» ያለም አለ።
ሊቀ መንበራችን፣ ደክሞት ይበልጣል፣
«አምስት ብር ወይስ አፈር፣ የቱ ይሻላችኋል?»
ብሎ ሳይጨርሰው፣ ከኋላ አንዱ ጮኸ፦
«አፈር፣ ይበልጣል!»

ዘንድሮ እንዳላማው፣ ሦስቱንም ነድቷል፤
ሦስተኛዋ ግማሽ፤ ግማሹ ይቀራል።
ጥጋቤም አልጠፋም፣ አሁንም ስልክ ላይ ነው፤
ፋብሪካው ሲዘገይ፣ የሚሸጥለት አለው።

የዚያን ቀን ደረሰኝ፣ ቅጂው እኔ ዘንድ ነው።
ስም፦ እንዳላማው ዋሴ።
ዓይነት፦ አፈር።
ክብደት፦ ስድሳ አንድ ኪሎ።
ዋጋ ከሚለው ላይ፣ ብዕሬን አሳርፌ
ቆየሁ። ሰልፉ ረዝሟል።
ባዶውን ትቼ አለፍኩ፣ ፊርማዬን ጽፌ።