ምድር ቤት

ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ በየሰንበቱ ጧት፣
ቴልማን ከደጅ አውርጄ፣ ከደጁ ስጠብቃት፣
ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ጋዜጣዬን ዘርግቼ፣
ሲዘምሩ እሰማ ነበር፣ መስኮቱን ጣት ያህል ከፍቼ።
እግዜርን የማውቀው በዚያ በኩል ነው፣ በመኪና ማቆሚያው፤
እሷ ይዛ በምትወጣው ሙቀት፣ በጓንቷ ላይ በቀረው።

በሙያዬ ማሞቂያ ጠጋኝ ነኝ። ነበርሁ፤ ጡረታ ወጣሁ።
ለሰው ቤት ሙቀት ሳደርስ ዕድሜዬን በየምድር ቤቱ ጨረስሁ።

ባለፈው ፀደይ እርሻውን ሸጠን ለሆስፒታሉ ቀረብን፤
ዊኒፔግ የምታልቅበት፣ ስንዴ የነበረበት ሜዳ፣
ጋራዡ ከፊት፣ ቤቱ ከኋላ፣ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም እንግዳ፤
ጎረቤትህን በጋራዡ በር ድምፅ ብቻ የምታውቅበት፣
መንገዶቹ በተቆረጡት ዛፎች ስም የሚጠሩበት።

ቴልማ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሳትመርጥ ጥቅምት ላይ ሞተች።
በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ግን ዝርዝር ትታልኛለች፤
አምስት ስም፣ በእርሳስ፣ ከየጎናቸው ሰዓት፣
አንዱ ጋ ብቻ የጥያቄ ምልክት።

ኅዳር ገባ። በረዶው እንደ አበዳሪ ደጃፌ ላይ ተኛ።
እሑድ ጧት ሞተር አስነሣሁ፣ ባዶው ወንበር ብቻ ጓደኛ።

የመጀመሪያው ሰፊ ነበር፣ እንደ አየር ማረፊያ፤
ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ልጆች መሩኝ ወደ ማቆሚያ፣
በወረቀት ኩባያ ሻይ ሰጡኝ፣ ጨለማ ውስጥ አስቀመጡኝ፤
ሙቀቱ ሃያ አንድ ዲግሪ፣ ልክ። ማንም ግን አላየኝ።
ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ፦ «ውድ ኦሊቨር፣ ስለመጡ ደስ ብሎናል።»
ስሜ ኦርቪል ነው። ኦሊቨርም፣ ማን ያውቃል፣ ደስ ብሎት ይሆናል።

ሁለተኛው የትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሆኖ፣
የኳሱ ቅርጫት ከሰባኪው አናት እንደ አክሊል ተሰቅሎ።
ደጎች ናቸው፤ ሕፃናቱ ጫማዬን ረግጠው ሣቁ።
ብቻ «ባለትዳሮች ወደዚህ፣ ላጤዎች ወደዚያ» አሉና
መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ለእኔ በር አልነበረምና።

በሦስተኛው ሰባኪው ማዶ ያሉትን ሲኮንን ዋለ፤
በሳምንቱ ማዶ ተሻገርሁ፤ ስለ ወዲህኞቹም ያው ተባለ።

አምስተኛው፣
ከጎማ ቤትና ከውሻ ሐኪም መሃል የተሸጎጠ የጡብ ቤት፣
ከስሙ ሥር «ቀዝቃዛ ነው ይላሉ» ብላ ቴልማ የጻፈችበት።

ይላሉ? አሥራ አንድ ሰው፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣
መዝሙሩ ከአፋቸው እንደ እንፋሎት ወጥቶ፣ ከፊታቸው ሳይርቅ።
አንዲት አሮጊት፣ ሚስስ ሃልዶርሰን፣ ስቀመጥ አየችኝና
«የባሌ ወንበር ነው» አለች። ልነሣ ስል፦ «ቁጭ በል፤ አይመጣምና።»

መጋቢዋ ዲቪና፣ የፊሊፒንስ ልጅ፣ ኮፍያዋን እስከ ጆሮዋ ስባ፣
«እንጸልይ» አለች፤ ጸጥ ሲል ከወለሉ ሥር ኳ፣ ኳ… ኳ፣ አየር የገባበት ቧንቧ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ሰው ስሙን ሲጠሩት እንደሚያውቅ።
ዓይኔን ጨፍኜ ልቆይ ሞከርሁ፤ ጉልበቴ ግን ቀድሞኝ ብድግ።
በጎን በር፣ በጠባቧ ደረጃ፣ ወደ ምድር ቤት ወረድሁ፤
አሮጌ ቦይለር፣ የእኔው እኩያ፤ ትከሻውን ዳሰስሁ፣
ከቁልፎቼ ባልለየኋት መክፈቻ ማስተንፈሻውን አዞርሁ።
ፊ…ስ አለ፤ የታፈነው ወጣ፣ ረጅም፣ ማለቂያ የሌለው፤
እኔም አብሬው፣ ከጥቅምት ወዲህ ያልተነፈስሁትን። ልቅሶ አትበሉት፤ አየር ነው።

ስመለስ ኅብስቱ ሲቆረስ ደረስሁ። እጄ ጥቀርሻ፣ ዝገት፤
ልደብቀው ስል ዲቪና መዳፌን ይዛ ኅብስቱን አኖረችበት።
«ምን ነበር?» በሹክሹክታ።
«አየር ነው፤ ታፍኖ።» «አሜን» አለች።
ሚስስ ሃልዶርሰንም ከካፖርቷ አንድ ቁልፍ ፈታች።

አምናለሁ ወይ? ቴልማ እንኳ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም።
ፓምፑ ዘይት ይፈልጋል፤ የሰሜኑ ግድግዳ ገና አልሞቀም።
ዝርዝሩን አጥፌ ከመፍቻዎቼ ጋር ሣጥን ውስጥ ከተትሁት፤
የጥያቄ ምልክቷን አልፋቅሁም፣ እንዳለ ተውሁት።

በሳምንቱ ማንም ሳይደርስ ደረስሁ፣
ሞተሩን አጠፋሁ።